የጥልፍ ዕዳ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ገብቶ መውጫው ጠፋው። የታጠበ ልብስ አልደርቅ አለ፤ ያልደረቀው ሸተተ፤ የሸተተውን ባለቤቱ መልሶ ላከው። አጣቢዋ የምታጥብለት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላውን ሰብስቦ የማጠቢያ ማሽን ላላቸው ሰጠ። ግንበኛው ባሏ ከረጠበ መሰላል ወድቆ ጭኑን ሰበረ። ሐኪሙ ክረምቱ እስኪወጣ አትነሣም አለው። ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ የሚጠግነው ሰው ግን ከሥሩ ተኝቶ ጠብታውን ያያል።

አጣቢዋ አላለቀሰችም። እንባም ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሰልችቷታል።

ከገበያው ጀርባ የአልጋ ልብስና የትራስ ልብስ እያስጠለፈች የምትሸጥ ባለሱቅ አለች። አንዷ ጠላፊዋ ልትወልድ ስለሄደች እጅ ጎድሏታል ሲባል አጣቢዋ ሰማች። ሄደች።

"ጥልፍ ትችያለሽ?" አለቻት ባለሱቋ።

"እየተማርኩ ነው" አለች፣ የጥልፍ መርፌ በእጇ ይዛ ሳታውቅ።

"እንግዲያው ወሩ ሲያልቅ አንድ የትራስ ልብስ ጠልፈሽ አምጪ። ካማረኝ ሥራ አለሽ፤ ካላማረኝ ትራስሽን ተንተርሰሽ ትተኚያለሽ።"

አስተማሪ አላጣችም። ታላቅ እህቷ በጥልፍ ሥራ ስሟ የተጠራ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። ልጆች ሳሉ ከቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ጥልፍ እንዲማር ዕድል ተገኘ። እናታቸው አልጋ ይዛ ነበርና አንዷ መቅረት ነበረባት። ታናሽየዋ ቀረች። ታላቅየዋ ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ "ተምሬ ስመጣ አስተምርሻለሁ፤ ዕዳ ይሁንብኝ" አለቻት። ተምራ መጣች። እናታቸው ሞተች። ታላቅየዋ ሱቅ ከፈተች፣ አገባች፣ ወለደች። በተጠየቀች ቁጥር "ለከርሞ" አለች። ከርሞ ከርሞን እየወለደ ሁለቱም ሸበቱ።

አጣቢዋ ከገበያ ያገኘችውን ዕቃ በፌስታል ይዛ እህቷ ሱቅ ገባች።

"እትዬ፣ ዕዳዬን ልቀበል መጣሁ።"

ታላቅየዋ መነጽሯን አድርጋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መጀመሪያ መርፌውን አነሣች።

"ሚጡ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መርፌ ነዋ።"

"በዚህ ጆንያ ነው የሚሰፋው። ትራስ ልትጠልፊ ነው ወይስ እህል ልትጭኚ? መቀሱስ? በዚህ በግ ይሸለታል። ጨርቁ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ከመርፌው ይሸሻል። ክሩ የልብስ ስፌት ክር ነው፤ ጨርቅ ከጨርቅ ያጋጥማል እንጂ አበባ አያወጣም።"

"አንድ እንኳ ደህና ነገር የለውም?"

"ፌስታሉ ደህና ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ታላቅየዋ መሳቢያዋን ሳበች። ጫፏ የሾለ፣ ዓይኗ ረዘም ያለ ቀጭን መርፌ አወጣች። የጥልፍ ክር አወጣች፤ ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ የሆነ ነው። "ሁለቱን ብቻ መዘሽ ትሠሪያለሽ። ስድስቱን ካስገባሽው ገመድ ይሆንብሻል።" አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ፣ ከላይ ብሎን ያለው ሁለት የእንጨት ክብ መወጠሪያ አወጣች። ጨርቅ እንዳያንሸራትት ውስጠኛው ክብ በነጭ ጥብጣብ ተጠቅልሏል። ትንሽ ስል መቀስ፣ የጣት ቆብ፣ እርሳስና ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጨመረች።

"ጨርቁ ሳይጠለፍ ይታጠባል። አለዚያ ኋላ ሲታጠብ ይኮማተርና አበባው ይጨማደዳል።"

"ስለ ማጠብ እንኳ ለኔ አትንገሪኝ።"

"ይሄ ታጥቧል፤ በይ እንግዲያው ወጥሪው። በጣትሽ ስትመቺው እንደ ከበሮ ድም ይበል። ክርሽ ከክንድሽ አይርዘም፤ ክር የሚያረዝም ሰነፍ ነው። ይቋጠርበታል።"

አጣቢዋ መርፌውን ያዘች። የመጀመሪያዋን ስፌት ስትስብ ክሩ የተሰነጣጠቀ ጣቷ ላይ ተያዘ። በሁለተኛዋም ተያዘ። ታላቅየዋ ስኳርና ዘይት በስኒ ለውሳ አመጣች፤ የእህቷን እጅ ተቀብላ እንደ ሕፃን እጅ አሸችው። ሳሙናው የበላውን መዳፍ ስታሽ ቀና ብላ አላየችም።

በየጠዋቱ አንድ አንድ ሰዓት አስተማረቻት። ግንዱን በጠባብ ስፌት፣ ቅጠሉን እንደ ሰንሰለት ተያይዞ በሚሄድ፣ የአበባውን ሆድ በሙሌት። የአጣቢዋ እጅ ቶሎ ያዘ። ችግሩ ቤት ስትገባ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጥቂት ስፌት ከሠራች ግንበኛው ውሃ ይጠማዋል። ተመልሳ ጥቂት ከሠራች ጎኑ ይዝላል፤ ታገላብጠዋለች። ከዚያ ምድጃው፣ ከዚያ የሞላው የጠብታ ባልዲ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እንዲያውም አንድ ቀን ላለመጥራት ብሎ ብርጭቆውን ራሱ ሊያነሣ ሲንጠራራ ከአልጋው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

"ምነው ብትጠራኝ?" አለችው።

"አበባሽን ላለመርገጥ ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሳይጠራትም ጆሮዋ ቀንም ሌሊትም አልጋው ላይ ሆነ። አንድ ቀን በቀትር መርፌውን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጣቷን ወጋች፤ ደሙ ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ።

ጨርቁን ይዛ እህቷ ዘንድ ሮጠች። ታላቅየዋ አልደነገጠችም። "የራስሽን ምራቅ አድርጊበት። የራስን ደም የራስ ምራቅ ያነሣዋል፤ ጠላፊ ሁሉ የሚያውቀው ነው።" እውነትም ለቀቀ። ግን ጥልፉን ዓይኗን አጥብባ አየችው። ሲጀመር ቀጥ ያለው ስፌት ወደ መሐል እንደ ሰካራም ይሄዳል። ወሩ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

"ተይው፣ እኔ ልጥለፍልሽ" አለች። "ባለሱቋ በምን ታውቃለች?"

"ሁለተኛውንስ ትራስ ማን ይጠልፈዋል?"

"እሱንም እኔ።"

"እትዬ፣ ያንቺን እጅ አይደለም የምፈልገው።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ? መርፌ ሰጠሁሽ፣ ክር ሰጠሁሽ፣ አስተማርኩሽ።"

"ሰጠሽኝ። የጎደለኝ ቀን ነው።" አጣቢዋ ጨርቋን አጣጠፈች። "አንቺ ስትማሪ እናታችንን ማን ያገላብጥ ነበር?"

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። የሳሙና ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረችው። ታላቅየዋ ክር ልትቆርጥ መቀስ አነሣች፤ ሳትቆርጥ አስቀመጠችው። አጣቢዋም ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የአጣቢዋ በር ተንኳኳ። ታላቅየዋ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ሱቋን ዘግታለች።

"ሽርጥሽ የት አለ?"

"ምን ልታደርጊ?"

"ወደ መስኮቱ፣ ሚጡ። ዛሬ ከዚያ ወንበር እንዳትነሺ።"

ሽርጡን አሸረጠችና በሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመች። ግንበኛው አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበ።

"እትዬ፣ እርስዎ እኔን ሊያገላብጡኝ? ነውር ነው።"

"ዝም በል። ዕድሜህን ሙሉ ጡብ ስታገላብጥ ኖረሃል፤ ዛሬ ተራው ያንተ ነው።"

"ቀስ ይበሉ ታዲያ። ጡብም ይሰበራል።"

ሾርባውን ጨው አበዛችው። ባልዲውን ስታወጣ ውሃው እየፈሰሰባት ኮሪደሩን አጠበችው። አጣቢዋ ልታግዛት ብድግ ባለች ቁጥር ከማጀት "ተቀመጪ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ተቀመጠች። የጠመመውን ፈትታ እንደ አዲስ ሠራችው። ታላቅየዋ በማግስቱም መጣች፤ በሠልስቱም። ሱቋ ደጃፍ ላይ ሰው ቆሞ መመለስ ጀመረ።

ወሩ አለቀ። ባለሱቋ የትራስ ልብሱን ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየችው።

"ይቺኛዋን ቅጠል ንፋስ መቷታል" አለች። ከዚያ ሦስት ነጭ የትራስ ልብስ ከነክሩ ሰጠቻት።

አጣቢዋ ቤት ስትገባ እህቷ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለል ትወለውላለች።

"ምን አለች?"

"ሦስት ሰጠችኝ። አንዷ ቅጠል ጠማማ ናት አለች።"

"ጠማማ ናት፤ አይቻታለሁ።"

"በቃ እትዬ፣ ሱቅሽ ሂጂ። አስተምረሽኛል፤ ዕዳሽ አለቀ።"

"አላለቀም" አለች ታላቅየዋ፣ ጨርቁን እየጨመቀች። "አንቺ እናታችንን እስከ መጨረሻው ነው ያስታመምሻት።"

ክረምቱ እስኪወጣ በየቀኑ መጣች። ጠዋት ቤቱን ትይዛለች፤ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ትከፍታለች። አጣቢዋ መስኮቱ ሥር ሦስቱን ጨርሳ ሌላ ሦስት ተቀበለች። ፀሐይ በወጣ ሰሞን ግንበኛው ዱላ ተደግፎ ከአልጋው እስከ በሩ ብቻውን ሄደ፤ ማንንም ሳይጠራ ተመልሶ ተቀመጠ።

ታላቅየዋ ቆማ አየችው። ሽርጡን ፈትታ ሰቀለች፤ እጇን አደረቀች።

"አሁን ከፈልኩ?" አለች።

"ከፈልሽ" አለች ታናሽየዋ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ።