ዋርሳዋ የጫነው ጠባቂ

ባለጥልፏ በዋርሳዋ ላይ ቂም ከያዘች ዓመታት አልፈዋል። ሴት ልጇ የሞተች ሰሞን፣ እሷ ፍራሽ ላይ ወድቃ ውሃ እንኳ በሰው እጅ በምትጎነጭበት ጊዜ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ማንንም ሳያማክር ሱቋን ከፍቶ ገባና ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነ። «ጠባቂ» ይባላል። ልጅቷ የሠራቻቸው የጥልፍ ንድፎች እንዳይጠፉ ብሎ ነው። ሁሉንም ለቃቅሞ ጠባቂው ሆድ ውስጥ ከተታቸው፤ በይለፍ ቃል ቆለፈባቸው፤ ቃሉን ረሳው።

በቃ፣ ረሳው። እያለቀሰ የጻፈውን ቃል ዕንባው ሲደርቅ ከየት ያምጣው?

ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ የጥልፍ ማሽን፣ ከማሽኑ ጋር በሽቦ የተያያዘ ኮምፒውተር፣ የክር መደርደሪያና ወንበሮች ሞልተዋታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ንድፍ መርፌው እየተከተለ ጨርቅ ላይ ይሰፋዋል። ንድፍ ማውጣት የልጅቷ ሥራ ነበር። እናት የምታውቀው መክፈትና መላክ ብቻ ነው፤ ፊደሉንም እየለቀመች ነው የምታነበው። አሁን የምትኖረው ሌሎች ባወጡት ንድፍ ነው፤ የተማሪ ቤት አርማ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሠራተኛ ካፖርት። የልጇ ንድፎች ስማቸው ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል፦ «ቅጠል ለእማዬ»፣ «ዞራ የምታይ ወፍ»፣ «ያልጨረስኩት»። ስትነካቸው ቃል አምጪ ይሏታል።

ዋርሳዋ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ይመጣል። ቁጭ ብሎ ቃል ይሞክራል። የልጅቷን ስም ሞከረ፣ የተወለደችበትን ቀን፣ የቤት ስሟን፣ የድመቷን ስም፣ የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ሳይቀር። እሷ ከኋላው ተቀምጣ ትርፍ ክር ትቆርጣለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እንቢ አለኝ፣ እትዬ።»

«እንቢ ያለህ ጭንቅላትህ ነው» ትለዋለች።

ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ዘንድሮ ግን ጠባቂው ራሱ አበደ። መርፌው አርማውን ግማሽ እንዳደረሰ ቀይ መስኮት ብቅ ይልና «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» ይላል፤ ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ጨርቁ ይበላሻል። አንድ ትምህርት ቤት ሥራውን ነጠቃት። ሆቴሉም እያጉረመረመ ነው። እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የጠባቂውን ምስል እየጎተተች ስክሪኑ ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለች፣ ቅርጫቱንም ትደፋዋለች፤ አጠፋሁት ብላ ሥራ ትጀምራለች። ቀይ መስኮቱ ግን ብቅ ይላል። እልኸኛ ናትና ሰው ሳትጠይቅ ስንት ጊዜ እንደደፋችው እሷም አታውቀውም።

የሆቴሉ አንሶላ ሲበላሽባት ነው የኮምፒውተር ጠጋኙን የጠራችው። ወጣት ነው፤ ቦርሳውን ሳያወርድ አየና ሳቁ አመለጠው።

«እናቴ፣ ይኼ እኮ በር ላይ የተለጠፈ ታርጋ ነው። ታርጋውን ቢነቅሉት ቤቱ የት ይሄዳል?»

«እናትህ አይደለሁም፤ ሥራህን ሥራ።»

ሳቁን ዋጠ። ጠባቂውን በደንቡ አስወገደው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ቀይ መስኮቱ ተመልሶ መጣ። እሷን አልገረማትም። ጥልፍ ከፊት ለፊቱ ብቻ ቢተረተር ቋጠሮው ጀርባው ላይ እንደሚቀር ታውቃለች። ጠጋኙ ጀርባውን ገልብጦ ፈተሸ፤ ጠባቂው በየጥጉ ዘር ጥሏል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳበት መንገድም አበጅቷል። ዘሩ የተደበቀው ደግሞ ንድፎቹ የተቆለፉበት ቦታ ውስጥ ነው።

ጠጋኙ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«እትዬ፣ ሙሉ በሙሉ ልነቅለው እችላለሁ። ግን የተቆለፈውም አብሮ ይሄዳል።»

«ገልብጠህ አስቀምጥልኛ።»

«ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ሞከርኩት። ጠባቂው ከሌለ አይከፈትም፤ ጠባቂው ደግሞ ሌላ ቦታ አይጫንም። የሠሩት ሰዎች ዘግተው ሄደዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።»

«ካልነቀልከውስ?»

«መርፌዎ እየቆመ ይቀጥላል። ስሞቹን ማየት ይችላሉ።»

ስሞቹን አየች። ጣቷን «ያልጨረስኩት» ላይ አሳረፈች። ልጅቷ ምን ልትሠራ እንደነበር እንኳ አልነገረቻትም። አበባ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ የምታውቀው ነገር የለም። ልጇን ዐይኗ እያየ ቀብራለች፤ ይህን ግን ሳታየው ልትቀብር ነው።

ዋርሳዋ በሩን ገፍቶ የገባው ያኔ ነው። ከሥራ ሮጦ መምጣቱ ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል።

«እትዬ፣ አንድ ቃል ትዝ ብሎኛል። በዛሬው እርግጠኛ ነኝ።»

«እርግጠኛ ያልሆንክበት ቀን ነበር?»

ቢሆንም ጠጋኙን አስነስታ ቦታ ሰጠችው። ቃሉን ጻፈ። ስክሪኑ ስህተት ነው አለ። ፊደል ቀይሮ ደገመው። ስህተት ነው አለ።

«ቆይ፣ ምናልባት ደግሞ...»

«ተው በቃ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ልጅቷ ላይ እኔ ነኝ የቆለፍኩባት። እኔ ካልከፈትኩላት ማን ይከፍትላታል?»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ለዓመታት ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት፤ አንዱም አልወጣ አላት። ጎንበስ ብሎ የተቀመጠውን ሰውዬ ስታየው ፀጉሩ ሸብቷል። በመጣ በሄደ ቁጥር እዚህ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ቃሉ ይመጣል ብላ እኮ ነው የታገሠችው። አይመጣም። አሁን ሦስቱም ያውቁታል።

«የቱን ነው የምነካው?» አለችው ጠጋኙን።

«እኔ ልንካልዎት።»

«የቱን ነው አልኩህ።»

አሳያት። ስክሪኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀ፤ ፊደል በፊደል አነበበችው። ዋርሳዋ «እትዬ፣ በሞቴ» አለ። የዋርሳዋን ወንበር ከእነሰውየው ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ እንዳያይ። «አዎ» የሚለውን ነካችው።

ስሞቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። የመጨረሻው እስኪጠፋ ቆማ አየች፤ ሌላው እጇ የዋርሳዋ ትከሻ ላይ ነበር።