ሳያውቅም

ጥሩሐረግ ስትቆጣ ቃል አትመርጥም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ባሏ መንግሥቴማ «የሚስቴ ቁጣ ዶፍ ነው፤ ጥግ ይዞ ማሳለፍ ነው እንጂ ጃንጥላ አይመልሰውም» እያለ ይቀልድባት ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ከዚያ ወዲህ በቁጣዋ የቀለደ የለም።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በአንድ ወር ሦስት ከብት ሞተ። ሦስቱም አንድ ዓይነት አሟሟት ነው የሞቱት፤ መጀመሪያ ማመስኳት ያቆማሉ፣ ቀጥሎ ሆዳቸው ይነፋል፣ ከዚያ እያቃሰቱ ይወድቃሉ። ሦስተኛዋ የጥሩሐረግ ዳለቻ ላም ነበረች። ጥሩሐረግ ልጅ አጥታ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማርያም ስትሳል ኖራ፣ ያን ጊዜ ካረገዘች ገና አምስት ወር ሆኗት ነበር። «ይቺ ወተት ለልጄ ናት» እያለች ላሟን እንደ እናት ታቆላምጣት ነበርና፣ ስትወድቅባት መሬት ላይ ተንከባለለች።

የሞተ ከብት በክት ነው፤ ቢላ አያርፍበትም። ሦስቱንም ጎትተው ገደል ጨመሯቸው፤ ጅብ በላቸው። ሆዳቸውን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ማን ያያል?

የሰው እጅ ቢኖርበት ነው ብለው ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። ሰው ሁሉ፣ አሮጊትና አራስ ሳይቀር፣ ማርያም ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። አየሁ የሚል፣ ጠረጠርሁ የሚል ሲጠፋ፣ የቀረው ግዝት ብቻ ሆነ። ጥሩሐረግ ግን በልቧ አንድ ሰው ይዛለች፤ ደሴን። በሣር ድንበር ከመንግሥቴ ጋር ተጣልቶ ሰላምታ ካቆመ ዓመቱ ነው። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

የሁሉም የነፍስ አባት የሆኑት አባ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። «አውቆ ከብቶቻችንን ያጠፋ...» ብለው ጀመሩ።

«ይቆዩ፣ አባ!» አለች ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ። «ሳያውቅም ይበሉልኝ!»

«ልጄ፣ ሳያውቅ ያጠፋ ይማራል እንጂ ይወገዛል እንዴ?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎ! ነገ ‹ሳላውቅ ነው› ብሎ ሊያመልጥ ነው። ላሜን ገድሎ! የልጄን ጉሮሮ ዘግቶ! ሳያውቅም ይበሉ፤ አለዚያ አሜን አልልም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «እውነቷን ነው!» የሚለው በዛ። አባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «እንግዲያው፣ አውቆም ሳያውቅም ከብቶቻችንን ያጠፋ፣ አይቶም የሸሸገ፣ ዘሩ አይባረክ፤ የአብራኩን ክፋይ አቅፎ አይሳም።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ከሁሉም የበለጠ የተሰማው የጥሩሐረግ ድምፅ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። መንግሥቴ ቦራ የሚለው በሬ ማመስኳት አቆመ። መንግሥቴ አንድ ቀን ጠበቀው፤ በማግስቱ ሆዱ መነፋት ሲጀምር ቢላውን ሳለ። «ሞት ሳይቀድመኝ ልቅደመው። ሥጋው እንኳ ለሰው ይሁን» አለ። አረደው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ተካፈለ። ጨጓራ ማጠብ የሴት ሥራ ነውና፣ ጥሩሐረግ ጨጓራውን በገበታ ተሸክማ ብቻዋን ወደ ምንጩ ወረደች።

ስትሰነጥቀው ቢላው ያዝ አደረገባት። ሣር አልነበረም። ጭንቅላት የሚያህል፣ የተቋጠረ፣ ጠጣር ነገር ነው። መጀመሪያ ጨርቅ መሰላት። በውሃ እያለቀለቀች ጎተተችው፤ ጥቁር ፌስታል መጣ። ሌላ ጎተተች፤ ሰማያዊ መጣ። እርስ በርሱ ተገምዶ፣ ሳይበሰብስ፣ ሳይቀጥን፣ ትናንት ከገበያ የመጣ እስኪመስል ድረስ ደህና ሆኖ መጣ። አሥራ አንደኛው ላይ እጇ ቆመ። ፌስታሉ ተቋጥሯል። አቋጣጠሩ ሁለት ዙር ነው፤ ጫፉ ደግሞ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገብቷል።

በመንደሩ እንዲህ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም። እናቷ ሰቆጣ ገበያ ጨው ነጋዴ ነበረች፤ የጨው ስልቻ አፍ እንዲህ ነው የሚታሰረው ብላ ያስተማረቻት እሷ ናት። ያኔ ጨው አሞሌ ነበር። ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል፤ ከብቱ ልሶ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይቀራል። አሁን ጨው ተፈጭቶ በፌስታል ይሸጣል። ጨው መጣል ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጥሩሐረግ ሁልጊዜ እፍኝ የማይሞላውን ትራፊ እዚያው ፌስታሉ ውስጥ ትተዋለች፣ እንዳይደፋ ትቋጥረዋለች፣ ዳለቻዋን ወይ ቦራን በእጇ ታጎርሳለች። «ብይ፣ እናቴ። ብላ፣ ጌታዬ።» ከነፌስታሉ ሲውጡት ትስቅ ነበር።

«ኧረ ወይኔ!» አለች። «ኧረ እኔው ነኝ! በገዛ እጄ!»

ከምንጩ በታች ከብቱም ሰውም የሚጠጣበት ኩሬ አለ። በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ከዳሩ ጭቃ ዘገነች። በጣቶቿ ስታሸው እንደ እብቅ የደቀቀ ሰማያዊና ጥቁር ፍቅፋቂ መዳፏ ላይ ቀረ። በዘገነች ቁጥር ይብሳል እንጂ አያልቅም። ይህን ውሃ አምስት ወር ሙሉ ጠጥታለች። ጭቃ የያዘውን እጇን ሳታውቀው ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ድምፅ ተከተላት። ነጠላዋ ሲነካት ፌስታል ይንኮሻኮሻል። ነፋስ ሲነፍስ ይንኮሻኮሻል። ጋደም ስትል ከሆዷ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ልጁ ነው ትላለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ትይዛለች። ፈራች፤ እንዲያ የፈራችበት ቀን በዕድሜዋ የለም።

የተቋጠረውን ፌስታል አሳይታ ለመንግሥቴ ነገረችው።

«ዝም በይ» አላት። «ያየ አለ? የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ማን ጠየቀሽ?»

«አይቶም የሸሸገ ተብሏል እኮ።»

መንግሥቴ ፊቱ ዐመድ ሆነ። «ታዲያ ለኔ ምን ብለሽ ነገርሽኝ፣ አንቺ ሴት?» አለ፤ ቀጥሎ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ያንን ቋጠሮ አንሥቶ አገላብጦ አየው። «በአደባባይ የታሰረ በአደባባይ ነው የሚፈታው» አላት በመጨረሻ። «አብሬሽ እቆማለሁ።»

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ወይራው ሥር ቆመች፤ መንግሥቴ ከጎኗ። ፌስታሎቹን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ከፍ አደረገቻቸው። «ከብቶቹን ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አለች። እንዴት እንደቋጠረች፣ እንዴት እንዳጎረሰች፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ከዚያ ወደ ደሴ ዞረች። «አንተን ነበር የጠረጠርሁ። ይቅር በለኝ። አባ፣ ይፍቱኝ፤ ልጄን ይፍቱልኝ!»

ደሴ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔም አጎርስ ነበር» አለ። «የጨውን ፌስታል ማን ይጥላል?» ከሴቶቹ በኩል «እኔም» የሚል ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ «እኔም»፤ ከዚያ መቁጠር ቀረ። ያ ሁሉ አሜን ያለ ሕዝብ ተንበረከከ።

አባ አሥራተ ማርያም መስቀሉን ያዙ፤ እጃቸው ግን አልነሣ አለ። «እኔም ላም አለችኝ፣ ልጆቼ» አሉ። «ጨው ትወዳለች። አሜን ስትሉ እኔም ብያለሁ። የታሰረ እጅ የሰውን ማሰሪያ አይፈታም።»

በማግስቱ አባ ያልታሰረ ቄስ ፍለጋ በእግራቸው ወጡ። ወደ ጋዝጊብላ ተሻገሩ፣ ሦስት ደብር ዞሩ፣ በስምንተኛው ቀን አቧራ ለብሰው ጥሩሐረግ ደጅ ደረሱ። ስምንቱንም ቀን መንገድ መንገድ ስታይ ነው የከረመችው።

«አገኙ፣ አባ?»

«አላገኘሁም። የደረስሁበት ሁሉ እዚያም ጨው በፌስታል ነው። አንዱ ቄስ ስነግራቸው አለቀሱ» አሉ ደጃፉ ላይ እየተቀመጡ። «ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም። በመንገዴ ካለ ዋሻ ጠበል ቀድቼልሻለሁ። ለፅንሱ ጠጪለት።»

ከካባቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። በፀሐይ መንገድ ስምንት ቀን የተንገላታ፣ ጎኑ የተጨራመተ፣ ሰማያዊ ክዳኑ የተፋቀ ጠርሙስ ነው። ጥሩሐረግ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሣችው። ከሥር የብናኝ ያህል ሰማያዊ ነገር ቀስ እያለ ይሽከረከራል። አባም አብረው አዩ።

«ተይው፣ ልጄ! ስጪኝ፣ ልድፋው! ምን አድርጌ ነው እኔ...»

«ሳያውቁ ነው፣ አባ» አለቻቸው፤ ያን ቃል በዚያ ለስላሳ ድምፅ ስታወጣው የሰማት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። የሚፈታት እጅ የለም፤ ንጹሕ ውሃም የለም፤ ለልጇ የቀራት ይህ ጠበል ነው። እሷ ግን አውቃ ጠጣች።