ቤት የተሸከሙ ሰዎች

መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ዓመት ምስጥ የቤታችንን ሥር በላው። ጨንቻ የኖረ ያውቀዋል፤ የቀርከሃ ቤት ሥሩ ሲበላ የተበላው ይቆረጥና ቀሪው በሰው ትከሻ ወደ አዲስ መሬት ይዛወራል። ሟቹ ባሌ በእጁ የጎነጎነው ቤት ነው፤ ይፍረስ ለማለት አንጀቴ እንቢ አለኝ። ግን ተሸካሚዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ተኳርፈናል።

የኩርፊያው ምክንያት የልጅ ልጄ ሻሺቱ ናት። የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነውን ዳናን ልታገባ ነው። ጎረቤቶቼ የእናቱን እንስራ ይገዛሉ፤ እሷን ግን ከደጃፋቸው አያሳልፏትም። እኔም ብሆን ልጅቷን ምንጭ ላይ ይሰድቡብኛል ብዬ ሠርጉን ሳራዝም ነው የከረምኩት።

ቤት ሲነሳ መቅረት ነውር ነውና ጎረቤቶቼ እንደተኳረፍን መጡ። ዳናን ግን በዚያ ቀን አትምጣ ብዬው ነበር። መጣ። ማንም ሳያየው ቤቱ ውስጥ ከተሸካሚዎቹ መሃል ገብቶ አግዳሚውን ትከሻው ላይ አደረገ። ቤቱ ተነስቶ መንገዱን ሲሻገር፣ ሥራውን የሚመራው ሸማኔው ኦይታ ጎንበስ ብሎ ከቤቱ ሥር የሚታየውን የተሸካሚዎቹን እግር ቃኘ። ያ የሸክላ ጭቃ የደረቀበት እግር የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አስቀምጡ አለ፤ ቤቱ መንገዱ መሃል ቁጭ አለ። አንዱ፣ እንስራ መሰለው እንዴ ብሎ ሳቀ።

ኦይታ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ ወለቴ፣ በራስዎ አፍ ያስወጡት። ከእሱ ጋር አንሸከምም።»

ሻሺቱ ልትመልስለት ስትል ክንዷን ያዝኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሥር የሌለውን ቤት ጎርፍ ይወስደዋል። የባሰ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። ቤቱ እንደገና ሲነሳ አንዱ ሆን ብሎ ትከሻውን ቢያሸሽ ዳና ላይ ይወድቃል።

«ዳና፣ ና ውጣ ልጄ» አልኩ።

አቀርቅሮ ወጣ። ሻሺቱ እጄን አሽቀነጠረችው። ኦይታ መዳፉን አሻሽቶ ሰዎቹን በሉ አንሱ አላቸው።

«ምኑን?» አልኩት። «አንተም ወደ ቤትህ ሂድ። ሁላችሁም። ቤቴ እዚሁ ይቀመጣል።»

«መንገድ እኮ ነው፣ እማማ።»

«ዙሩ።»

ጎርፉ የሚዞርበትን ቦይ ዳና ቆፈረ፤ ሥሩንም በአዲስ ቀርከሃ ጎነጎነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅ አድርገው እያልኩ ነዘነዝኩት። የቀበሌ ሰው መጥቶ ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ከመንገድ ይነሳ አለኝ። ተሸካሚ አምጣ አልኩት፤ አልተመለሰም። ገበያተኛው እያጉረመረመ በእንሰቱ በኩል ይዞራል።

በራችን ያረፈው ከኦይታ ደጅ ፊት ለፊት ነው። ሠርጉን ከዚያ በኋላ አላራዘምኩትም፤ አሁን ዳና ከእኛ ጋር እየኖረ ጠዋት ጠዋት በዚያ ይወጣል፤ ኦይታም ውጭ ድሩን ሲያደራ ጀርባውን ይሰጠናል። እኔ ዳና እስኪርቅ በሩ ላይ ቆሜ ክፉ እንዳያነሱ የኦይታን እጆች አያለሁ።