ከሄል ዛፍ ላይ የወደቀው ባሌ

ባሌ አንካሳ ነበር። “በጉርምስናዬ ቅመም እርሻ ስሠራ ከሄል ዛፍ ላይ ወድቄ ነው” ይለኝ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር እግሩን ይዞ ሲያቃስት፣ “ማን ውጣ አለህ? ጥጋብ!” እያልኩ በቅባት አሸዋለሁ። እሱ ይስቃል። የቅመም ሱቅ ነው ያለን፤ ስንት ኩንታል ሄል በእጄ አልፏል፣ ግን ደርቆ በጆንያ ሲመጣ እንጂ ተክሉን አይቼው አላውቅም።

ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ልጄ “እማዬ፣ እስቲ ሽርሽር እንሂድ” ብትለኝ፣ “እሱ ይሠራበት ወደነበረው እርሻ ከሆነ” አልኳት። ያንን ዛፍ ማየት ነበረብኝ። መቃብሩ ላይ ያጣሁትን እዚያ የማገኝ መስሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ አራት ሰዓት አንገላታን። አገሩ ግን ሲያምር! ኮረብታው እስከ ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ መንገድ ዳር ቁንዶ በርበሬ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። በዚህ መንገድ በጉርምስናው እየሳቀ ሲሄድ ታየኝ።

አስጎብኚያችን አፈ ጮሌ ጎረምሳ ነው። ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ እርዱን አሳየን። በመጨረሻ ከቁመቴ የሚበልጥ ቅጠላም ተክል ሥር ቁጢጥ አለና ቅጠሉን ገለጥ አደረገው። አፈሩ ላይ በተጋደመ ቀንበጥ አረንጓዴ ፍሬዎች ተደርድረዋል።

“ሄል ማለት ይሄ ነው፣ እናቴ።”

“ዛፉስ?”

“የምን ዛፍ? ይኸው ነው። ቁጭ ብለው ነው የሚለቅሙት።”

“ታዲያ ሰው ከላዩ አይወድቅም?”

“ቁጭ ብሎ የሚወድቅ ሰው ካለ!” አለና ሳቀ።

ልጄም ሳቀች። እኔ ደሜ ፈላ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲያሞኘኝ! በሕይወት ቢኖር አሳየው ነበር።

ማድረቂያው ቤት በር ላይ አንዲት አዛውንት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፍሬ ይለያሉ። አስጎብኚው ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚሁ እንደሠሩ ሲነግረን፣ ልጄ የአባቷን የድሮ ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየቻቸው።

“ውይ! መኪናው!” አሉ።

“አንካሳውን ሰውዬ ነው መኪናው የሚሉት?” አልኳቸው።

“በእግሩ መሰለሽ? በጣቱ ነው እንጂ! እግሩማ ሲወለድም እንደዚያው ነው። እኛ ቅርንፉድ ዛፍ ላይ ስንወጣ እሱን ሄል ለቀማ ላይ አስቀመጡት። አጠገቡ ያለው አንድ ቅርጫት እስኪሞላ እሱ ሦስት! ከሌላ እርሻ ሳይቀር ሊያዩት ይመጡ ነበር።”

“ታዲያ ወደቅሁ ብሎ ለምን ይዋሸኛል?”

“አይ ልጄ። ‘የማገባት ሴት ከምታዝንልኝ ብትቆጣኝ ይሻለኛል’ ይል ነበር።”

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ቁጣማ ጠግቦ ነው የሞተው። ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ።

ልጄ ትከሻዬን ይዛ፣ “እማዬ፣ ምን አለበት? ትንሽ ውሸት ናት እኮ” አለችኝ።

“ውሸቱ አይደለም” አልኳት። “ያልወደቀውን መቶ ጊዜ አወራልኝ። ያቺ ውሸት እንዳትገለጥ ብሎ ግን ቁጭ ብሎ ሄል ሲለቅም መኪናው መባሉን አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። ‘ጎበዝ’ ሳልለው ቀበርኩት።”