ጦር የያዙ ሁለት መቶ ሰዎች

ድርቤ ያየችውን ነው የላከችው፤ ክፉ አላሰበችም። ትናንት አርጆ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ሽማግሌ ሲቀበሩ ፈረሰኞቹ እንደ ወጉ ጦርና ጋሻ ይዘው ሳለ ደረሰች። የእርዳታ ድርጅቷ የጸጥታ ተጠሪ ናትና ስልኳ ላይ ያለውን ቅጽ ከፈተች። «ሰው ተሰብስቧል?» አዎ። «ስንት?» ሁለት መቶ። «የሚተኮስ ወይም የሚወጋ መሣሪያ ይዘዋል?» ድርቤ መዋሸት አትወድም። አዎ። «ቀብር ነው» የሚባልበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬቷን ሳሎን የሰቀለች ሴት ደግሞ ያልተጠየቀችውን አትጨምርም።

ዛሬ ረፋድ ላይ የአርጆ ሆስፒታል አዋላጅ ቀነአ ደወለ።

«ድርቤ፣ አንዲት ወላድ ደሟ አልቆም አለኝ። አምቡላንሳችን ሌላ ሴት ሊያመጣ ወጥቷል። ነቀምቴ ደም ባንክ ሁለት ከረጢት አዘጋጅተዋል፤ በናንተ መኪና አድርሱልኝ!»

ሾፌሩ ጂሩ ደሙን በበረዶ ሳጥን ይዞ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለው ቢሯቸው መጣ። ድርቤ እንደ ደንቡ «መድረሻ፦ አርጆ» ብላ ሞላች። ጂሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዝም።

«ባትሪው ነው?»

«ባትሪውማ ደህና ነው። ናይሮቢ ዋና ቢሮ ያሉት ናቸው፤ እዚያው ቁጭ ብለው በሳተላይት ቆለፉት።»

ደወለች። ተረኛው በእንግሊዝኛ «አርጆ ካርታችን ላይ ቀይ ነው፤ መኪና አይገባበትም» አላት።

«ቀብር ነው ጌታዬ! ጦሩ ለሟቹ ክብር ነው።»

«ሪፖርቱን ማን ላከው?»

«እኔ።»

«ሐሰት ነበር?»

«ሐሰትስ አልነበረም…»

«እንግዲያው ቀይ ነው። አቤቱታሽ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይታያል።» ጨዋ ሰው ነው፤ መልካም ቀንም ተመኘላት።

ቀነአ በግል ስልኳ መልሶ ደወለ። «ተነሳችሁ? እጇ እየቀዘቀዘ ነው እኮ!»

ድርቤ ሳጥኑን አቅፋ ከመኪናው ወረደች። የድርጅቱን ስልክ ለጂሩ ሰጠችው። «ይሄ እዚሁ ይቀመጥ። ናይሮቢ በስልኩ ሲያየኝ ቢሮ ነኝ።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ያኔ መጥተህ ታስተዛዝነኛለህ» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

መናኸሪያ የአርጆው ሚኒባስ አራት ሰው ብቻ ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ኢፋ ተደግፎት የተጠበሰ በቆሎ ይግጣል።

«ኢፋ፣ መንገዱ እንዴት ነው?»

«ነጋ! ሰላም ነው። ከጠዋት ሁለቴ ተመላለስኩበት። ግቢ፣ ሲሞላ እንሄዳለን።»

«ይሄ ደም ነው። ወላድ እየሞተች ነው።»

በቆሎው መሬት ወደቀ። ተራ አስከባሪው «ገና አልሞላም!» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ግባና ሙላው!» አለ ኢፋ ሞተሩን አስነስቶ።

«አንተን ከናይሮቢ አይቆልፉህም?» አለችው፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ እያስቀመጠች።

«የኔን ቁልፍ የምትይዘው ሚስቴ ብቻ ናት፣ አዴ ድርቤ።»

አርጆ ሊገቡ ሲሉ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ፈረስ ሆነ። የትናንቶቹ ናቸው፤ ዛሬም ለለቅሶው ተመልሰዋል፣ ጦራቸው እንደ ጫካ ቆሟል። ድርቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ናይሮቢ እንዳያቸው አየቻቸው። ኢፋ ፍሬን ያዘ። አንድ ሽበታም ፈረሰኛ ወደ መስኮቱ ቀረቡ፤ የጦራቸው ጫፍ መስታወቱ አጠገብ ያበራል።

«ማል ኢንተላ ኮ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ለቅሶ አይታያችሁም?»

ሳጥኑን ከፍ አደረገች። «ደም ነው አባ… ሆስፒታል… ወላድ…»

ሽማግሌው ፈረሳቸውን አዙረው በኦሮምኛ አንዴ ጮኹ። ሁለት መቶው ሰው ለሁለት ተከፈለ። ሦስት ፈረሰኞች ከፊት ቀድመው ከብቱንም፣ ጋሪውንም፣ ባጃጁንም እየበተኑ እስከ ሆስፒታሉ በር ጋለቡ።

ቀነአ ሳጥኑን ነጥቋት ሮጠ። ድርቤ ደጅ ላይ ቆማ ቀረች፤ ቁጭ በይ ቢሏትም አልተቀመጠች። ስንት እንደቆየች አታውቅም። ቀነአ ሲወጣ ጋውኑ በላብ ርሷል።

«ደሙ ቆመ። ዓይኗን ገልጣለች።»

ነቀምቴ ስትመለስ ጂሩ ስልኩን እየሳቀ አቀበላት። ሁለት መልእክት ነበር። አንዱ «ከቢሮ ስላልወጣሽ እናመሰግናለን» ይላል። ሌላው የዕለቱ ቅጽ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው አይታ እንደሆነ ይጠይቃል።

«አላየሁም በይና ተገላገይ» አላት ጂሩ።

ድርቤ ቅጹን ዘግታ ናይሮቢ ደወለች።

«አይቻለሁ» አለች። «ከቢሮም ወጥቻለሁ። ወንበር ይሳቡ ጌታዬ፣ ይሄኛው ቅጹ ላይ አይገባም።»