ስሙን ይዞ የተነሣው

ምትኬ ከጠዋት ጀምሮ በዞኑ ጤና መምሪያ ቢሮዋ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ናት። ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ደኅና ነው ማለቱ ነው። አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው አረንጓዴ ነው።

ደብረ ታቦርን የነሐሴ ጉም ተጭኗታል። ትናንት እሑድ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱን አቃጠለው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዳቸው የሚያዝበት መዝገብ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ላይ ነበር።

ፕሮግራሞቹን የሚጠብቀው ኩበርኔቲስ የተባለው ሶፍትዌር ሥራውን አላጓደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ይዞ በኮንቴይነር ታሽጓል፤ ኩበርኔቲስ በየዐሥር ሰከንዱ «አለህ?» ይለዋል። መልስ ካጣ ሞቷል ብሎ ሌላ ሰርቨር ላይ በዚያው ስም አዲስ ያስነሣል። ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ። አዲሱ መዝገብም «አለሁ» አለ፤ ግን ባዶውን፤ የሕሙማኑ መረጃ ከተቃጠለው ሰርቨር ጋር ጠፍቷል። መረጃውን ከሰርቨሩ ውጭ ማስቀመጥ ነበረባት፤ ዛሬ ነገ ስትል ስድስት ወር አለፈ። የወረቀት መዝገቡ ይቅር ብላ የተሟገተችውም እሷው ናት።

«ጎበዝ። ማንም ሳያውቅ መዝገቡ ተነሣልን» አላት አለቃዋ ብርሃኑ በበሩ ብቅ ብሎ።

በዞኑ ከአንበሳሜ እስከ እብናት መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ማንነታቸውን የያዘ ነገር የለም። ብትናገር ደግሞ እንጀራዋ ነው። ፈራች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄደች። እናቷ እቴነሽ ከፍልሰታ ቅዳሴ ገና መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸውን አላወለቁም። ምትኬ የተወለደችው ታላቅ እህቷ እመቤት በሞተች በዓመቱ ነው፤ ስሙም የወጣላት ለዚያ ነው። በእመቤት ቀሚስ አደገች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«እምዬ፣ እኔን ሲያገኙ እመቤትን ረሷት?»

እቴነሽ ነጠላቸውን አውልቀው አጠፉት። «አንቺ መጣሽልኝ እንጂ እሷ መቼ ተመለሰች?» አሉ። «ሰዉ ሁሉ እግዜር ካሰሽ ሲለኝ፣ አዎ እያልሁ ብቻዬን አለቅስ ነበር።»

ምትኬ እህል ሳትቀምስ ወደ ቢሮ ተመለሰች።

«የተነሣው ባዶውን ነው» አለችው ብርሃኑን። «ሰዎቹ የሉበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ብርሃኑ ስክሪኑን አየ። «አረንጓዴ ነው'ኮ።»

«አለህ ወይ ተብሎ ብቻ ነዋ የሚጠየቀው።»

ወረቀት አነሣችና የምታስታውሰውን የሕሙማን ስም መጻፍ ጀመረች። መዝገቡ ላይ ከነበሩት ሁለት መቶ ዐሥር ሰዎች ዐሥራ ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ሌላ ስም አልመጣላትም።