ሟቹ ጓዳ ነው

ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልቀነሰም። ጎረቤት ሴቶች ጠዋት በደጁ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሚስቱን፣ «ነፍሱን ይማረውና ቁርሱን በላ?» ይሏታል።

«አፈሩን ያቅልለትና፣ ሻዩ ስኳር አነሰው ብሎ አኩርፏል» ትላለች እሷም።

የገደለው በሽታ ሳይሆን ፎርም ነው። አምስት ቅርጫት ሰፊ ሴቶች አንዷ ላንዷ ዋስ ሆነው ከብድር ተቋሙ ገንዘብ ሊወስዱ በቀረቡ ዕለት፣ ሰፈሩ «አቶ ፎርም» የሚለው የመስክ ሠራተኛ እስክሪብቶውን «የጋብቻ ሁኔታ» ከሚለው መስመር ላይ አቁሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ቅርጫቱን በፍትሐዊ ዋጋ የሚገዙት ሰዎች የሚፈልጉት ባል የሞተባቸውን ነው። አራቱ ተሟልተዋል። ያበላሸሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አላት፤ ባሏን እስካሁን ያልቀበረችው በስንፍና ይመስል።

ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ብድሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነግሩት ባርኔጣውን አወለቀ። «በዚህ ዋጋማ ከነዘር ማንዘሬ እሞታለሁ!»

ያን ዕለት ያልሳቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየቅርጫቱ ጆሮ ላይ የእሷ ፎቶ ያለበት ካርድ ይንጠለጠላል፦ «ይህን ቅርጫት የሰፋችው ባሏን በሞት የተነጠቀች እናት ናት።» እውነቱን ለመናገር ዋጋው ፍትሐዊ ነበር፤ ውሸቱ ሟቹ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ የሚያፈሰው ጣራ ተቀየረ፣ የሴት ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያም ሳይጓደል ተከፈለ። የቅርጫቱን ቂጥ የሚሰፋው ደግሞ ራሱ ሟቹ ነበር። ቂጡ ካልጠና ጎኑ ይጣመማል፤ የእሷ እጅ ለጎን እንጂ ለቂጥ አይሆንም። እሱ ወስፌ ሲጨብጥ ግን ቅርጫቱ ገና በመዳፍ ልክ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። የቀለም ሳሩ ብናኝ ደረቱ ገብቶ አስም አተረፈለት እንጂ።

ገዢዎቹ ሊጎበኙ ሲመጡ ሟቹ ወደ እህቱ ቤት ሄዶ ይውላል። ዘንድሮ ግን «ድንገተኛ ጉብኝት» የሚባል ነገር መጣ፤ በመጀመሪያው ጓዳ ተደብቆ አመለጠ። በሁለተኛው ረፋድ ላይ ከአምስቱ አንዷ የሆነችው የቡድኑ ሰብሳቢ በጓሮ በኩል እያለከለከች ገባች።

«ደጅ ደርሰዋል! አንሺው! ይሄን ሬሳ አንሺው!»

ሰብሳቢዋ እሷው ራሷ ሰውየውን በክንዱ ጎትታ ጓዳ፣ ቀይና ቢጫ የተነከረው ሳር ነዶ መሀል ከተተችውና በሩን ከውጭ ቀረቀረችው።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ቀርቷል!» አለች ሚስትየው።

«ዝም በይ! የሞተ ሰው መድኃኒት አይወስድም።»

ወዲያው እንግዳዋ ከአቶ ፎርም ጋር ገባች። ከገዢዎቹ ዘንድ የመጣች፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማረች፣ ሁሉን ሰው «እርስዎ» የምትል ለስላሳ ሴት ናት። ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቶሎ ይሄዳል። ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ባለቤትዎ እንዴት እንዳረፉ ይንገሩኝ። ቀስ ብለው።»

ሚስትየው ጀመረች። ታሪኩን እንደ ቅርጫት ጎን ዙራ ዙራ ታውቀዋለች። መሀሉ ላይ ስትደርስ የጓዳው ሳንቃ በወስፌ እጀታ ሁለቴ ተመታ። ባለፈው እንዲሁ ሲደበቅ የተስማሙበት ነው፤ ሁለቴ ማለት «ሄዱ ወይ?» ነው፣ ሦስቴ ማለት «አቃተኝ» ነው።

«አይጥ ነው» አለች ሰብሳቢዋ።

እንግዳዋ አይጡን መዘገበችው። ከዚያ ዓይኗ መስኮቱ ላይ፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ላይ አረፈ። «ይህ የማን ነው?»

አቶ ፎርም አመድ መሰለ።

«የኔ ነው» አለች ሚስትየው።

«የእኔም እናት አስም ነበረባት!» እንግዳዋ ተነስታ መድኃኒቱን አመጣችላት። «ሲያወሩ ትንፋሽዎ እያጠረ ነው። እባክዎ ይውሰዱ፤ እኛን አይፈሩ።»

ኳ። ኳ። ኳ።

ሚስትየው ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች። እስከ ጓዳው በር አራት እርምጃ ነው። ሰብሳቢዋ ጉልበቷን ጨመቀችው፤ በነዚያ ጣቶች ውስጥ የአራት ሴቶች ቤት ነበር። ብድሩም ትዕዛዙም በአንድ ቀን ይፈርሳል።

«ውሰጂ እንጂ እህቴ» አለቻት ሰብሳቢዋ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ባለፈው ግማሽ ሰዓት ችሏል፣ አለች በልቧ። ትንሽ ይችላል። የባሏን መድኃኒት አፏ ላይ ደገነችና ሳበች። ቅዝቃዜው ጤነኛ ደረቷ ውስጥ ወረደ፤ ልቧ እንደተባረረ ፈረስ ጋለበ። እንግዳዋ፣ «አንድ ጊዜ ይበቃል? እናቴ ሁለቴ ነበር የምትወስደው» አለቻት። ደገመች።

ሳንቃው አንዴ ተመታ። ከዚያ የወደቀ ወስፌ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማች።

እንግዳዋ ከመውጣቷ በፊት አንድ ቅርጫት ገልብጣ ቂጡን ዳበሰች። «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» አለች።

በሩን ሲከፍቱት ሟች ቀዩ ሳር ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ከናፍሩ ሰማያዊ፣ ጉንጩ የቀለሙ ቀይ። ሚስትየው አፏን ከፈተች፤ ሰብሳቢዋ በነጠላዋ ጫፍ አፈነቻት። እሷም ታለቅስ ነበር።

«እህቴ፣ የኔ እናት፣ እስከ ሐሙስ ቻዪው። ሐሙስ ይሄዳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ዛሬ ብትጮሂ ምን ይሉናል?»

በማግስቱ ማለዳ አራቱ ሴቶችና የእህቱ ባል ወስደው ቀበሩት። ጩኸት የለ፣ ድንኳን የለ። ልጅቷ እንኳ ትምህርት ቤት እንድትሄድ ተደረገ፤ የቀረች ተማሪ ለምን ቀረች ይባላልና።

ከሰዓት በኋላ እንግዳዋ ካሜራ ይዛ ተመለሰች። «ትናንት የነገሩኝን አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ። ካልከበደዎ።»

ሚስትየው ዱካው ላይ ተቀመጠች። «ባሌ...» አለች።

ከዚያ በኋላ የወጣው የምታውቀው ታሪክ አልነበረም። ከዱካው ወረደች፣ ወለሉን በመዳፏ ደበደበች፣ ደረቷን መታች፣ ሦስቴ አንኳኳ፣ ሦስቴ አንኳኳ እያለች ጮኸች። ሰብሳቢዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንግዳዋም ከካሜራው ጀርባ ዕንባዋን መለሰች። ነገሩን ማንም ያልነገረው አቶ ፎርም ጠጋ ብሎ በሰብሳቢዋ ጆሮ፣ «ከትናንቱ የዛሬው በለጠ» አላት።

በወሩ ትዕዛዙ እጥፍ ሆኖ መጣ። ቂጡንም ጎኑንም እሷው ሰፋች። ቅርጫቶቹ መደርደሪያው ላይ ሲደረደሩ ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ጓዳው በር ያዘነብሉ ነበር።